ቁጭ የምትል አህያ የማን ናት?

ሰፈሩ «አቶ ጥገና» ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤቶች ወርክሾፕ ውስጥ ዴስክ ሲያጠብቅ፣ ሰሌዳ ሲያቆም፣ የተሰነጠቀ አግዳሚ ሲያያይዝ ኖሮ ጡረታ ወጣ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከጥገና ሌላ የሠራው አዲስ ነገር አንድ ነው፤ ታጥፎ በበር የሚያልፍ የሰሌዳ እግር። እግሩ ዛሬ በየክፍሉ ቆሟል። የተሸለመበት ግን የወርክሾፑ ኃላፊ ነው፤ ምስማር መታሁ ብሎ አውራ ጣቱን የሚመታ ሰው። አቶ ጥገና የዚያን ዕለት ከሁሉም ጋር አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ በሆዱ የያዘው አንድ ነገር ነው፤ ከመሞቱ በፊት ስሙ የሰፈረበት፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ፈጠራ ማየት።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት አህያ ሠራ። አህያዋ ከእንጨት ናት፤ ቁመቷ አንድ ስንዝር። ያዘነበለ ጣውላ ላይ ሲያቆሟት ያለ ባትሪ፣ ያለ ሞላ፣ ቋ ቋ እያለች በእግሯ ትወርዳለች። አንገቷ በሽቦ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ምስጢሯ ያለው ሆዷ ውስጥ ነው፤ ጠባብ ቦይ ተፈልፍሎ ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣች የብረት ኳስ ገብታበታለች።

ይህችን አህያ ማንም እንዳያይበት በፎጣ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ አስደግፎ በአውቶቡስ ወደ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሄደ። አንድ ተሳፋሪ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀለት። አጠገቡ የተቀመጡ ሴትዮ ወደ ፎጣው ጎንበስ ብለው፣

«ወንድ ነው ሴት?» አሉት።

«ሴት» አለ፤ አልዋሸም።

«ትደግልዎ። የልጅ ልጅ ናት?»

«የለም፣ የራሴ ናት።»

ሴትዮዋ ሽበቱን አዩ፣ ፎጣውን አዩ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

የፈጠራ ማመልከቻ የምትመረምረው የጽሕፈት ቤቱ መርማሪ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ዙሪያዋን በፋይል የታጠረች ወጣት ነበረች።

«ምን ፈጠሩ አባባ?»

«እሱን አልናገርም።»

«ታዲያ ምኑን እንጠብቅልዎ?»

«ፎጣው ውስጥ ያለውን።»

መርማሪዋ እንዲህ ያለ ሰው የገጠማት ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም። አሠራሩ አዲስ ከሆነ በፓተንት፣ መልኩ ከሆነ በንድፍ መብት፣ የዕቃው ስም ከሆነ በንግድ ምልክት እንደሚጠበቅ በትዕግሥት አስረዳችው።

«ሦስቱንም ስጪኝ።»

«ሱቅ እኮ አይደለም አባባ። ፓተንት እንደ ውል ነው። እርስዎ ምስጢሩን ምንም ሳያስቀሩ ይጽፉልናል፤ እኛ ደግሞ ለተወሰነ ዓመት ሌላው እንዳይሠራው እንከለክላለን። በእርስዎ ሙያ ያለ ሰው፣ እርስዎን ሳይጠይቅ፣ ጽሑፉን ብቻ አንብቦ መሥራት መቻል አለበት።»

«ሌባው እንዳይቸገር ነው?»

ቢሆንም ቅጹን ይዞ ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «አህያዋ እንደሚታወቀው ትሄዳለች።»

«ለማን ነው የሚታወቀው?» አለች ሚስቱ።

እሷ ጡረታ የወጣችው ከትምህርት ቤት ጸሐፊነት ነው። የርእሰ መምህራንን ሐሳብ ከራሳቸው ከርእሰ መምህራኑ በተሻለ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። የጽሕፈት መኪናዋን አውጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እሱ አህያዋን አካል በአካል እየፈታ አሳያት። ችግሩ የአቶ ጥገና ምላስ እጁ ላይ መሆኑ ነው፤ «ይሄ እዚህ ይገባል፣ ያ እዚያ ያርፋል፣ ይሄ በዚህ በኩል ዝቅ ይላል» ከማለት በቀር አልሆነለትም። እሷ ያየችውን በሚሊሜትር እየለካች ሦስት ገጽ ሞላች።

ጽሑፉን የሚፈትነው «በሙያው ያለ ሰው» ተፈለገ። በቅርብ ያለው አንድ ነው፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ የቤት ዕቃ አናጢው። አቶ ጥገናና አማቹ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ስለ ሙጫ ይከራከራሉ፤ እስካሁን አልተቋጨም። ወረቀቱን ሰጠው፤ አህያዋን ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈባት።

በአራተኛው ቀን አናጢው በብርጭቆ ወረቀት የተወለወለች አህያ ይዞ መጣ። ጣውላው ላይ አቆሟት። ሦስት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ቂጧን ዘርግታ ቁጭ አለች። አንገቷን አንዴ ነቀነቀች፣ ሁለቴ ነቀነቀች፣ በሦስተኛው ብድግ ብላ ሦስት እርምጃ ሄደችና እንደገና ቁጭ።

«ገደልካት!» አለ አቶ ጥገና።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ያለውን ነው የሠራሁት። አንዲት ሚሊሜትር አልሳትኩም።»

«ቦዩ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ ያዘነብላል እንዴ?»

«ወደ ጭራዋ ነው የሚለው። ይኸው፣ ያንብቡት።»

አነበበው። ወደ ጭራዋ ይላል። ሁለቱም ወንዶች ወደ ሴቲቱ ዞሩ።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «ጭንቅላቷን ነቅለህ፣ ሆዷን ብቻ ይዘህ፣ ‹በዚህ በኩል ዝቅ ይላል› ብለህ ወደ ራስህ አሳየኸኝ። እኔ ደግሞ ፊቷ ወደ እኔ መስሎኝ። የሚያናግረኝ ሰው ቂጥ ይሰጠኛል ብዬ አልጠብቅም።»

«እኔ በትክክል ነው የተናገርኩት» አለ ባል።

«እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አለች ሚስት።

«እኔ የተጻፈውን ነው የሠራሁት» አለ አናጢው። ስሕተቱ ወላጅ አጥቶ ጠረጴዛው መሐል ቀረ።

ሚስቱ አህያዋን እንደገና ጣውላው ላይ አቆመቻት። አህያዋ ቁጭ ስትል እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «አታርሟት። የምትሻለው ይቺ ናት። ቁርጥ አንተን! ሦስት እርምጃ ትሄድና ቁጭ፤ ራስህን ነቅንቀህ ነቅንቀህ ደግሞ ትነሣለህ።»

«የተበላሸ ዕቃ ነው» አለ፤ ጽሑፉንም አሳርሞ የምትሄደዋን አህያ ለማስመዝገብ አመለከተ። የምትቀመጠዋ ቁም ሣጥን አናት ላይ ተጣለች።

ከወራት በኋላ መልስ መጣ፤ «አዲስ ባለመሆኑ ተቀባይነት አላገኘም።» አቶ ጥገና የደከመበትን ሁሉ ለማሳየት የተበላሸችዋንም በፎጣ ጠቅልሎ መርማሪዋ ፊት ቀረበ። እሷ አንድ አሮጌ ሥዕል አውጥታ አሳየችው። በሌላ አገር፣ ከስድሳ ዓመት በፊት የተመዘገበች ላም ናት፤ ቁልቁለት ትወርዳለች፣ ሆዷ ውስጥ ቦይ፣ ቦዩ ውስጥ ኳስ። አቶ ጥገና ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ሰውየው በሕይወት አለ?»

«የሚኖር አይመስለኝም።»

«እንግዲያ ከኔ አልሰረቀም።»

«እርስዎም አልሰረቁትም። ቀደመዎት፣ ያ ብቻ ነው።»

ፎጣውን ፈታ። «ይህን ያህል ለፍቻለሁ ለማለት ነው እንጂ ይቺ እንኳን የተበላሸች ናት።»

መርማሪዋ አንድ ፋይል እንደ ቁልቁለት አጋድማ አህያዋን ለቀቀቻት። ሦስት እርምጃ፤ ቁጭ። መርማሪዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ኳሷ ወደ ኋላ ስትንከባለል አህያዋ ትቀመጣለች፤ አንገቷ በተነቀነቀ ቁጥር ኳሷን ገፋ ገፋ አድርጎ ወደ ፊት ሲመልሳት ትነሣለች። አምስት ጊዜ አስኬደቻት። የሥራ ባልደረባዋን ስትጠራው አቶ ጥገና አህያዋ ላይ ፎጣ ጣለባት።

«ማንም አያይም!»

«አባባ፣ እሱም እዚሁ ነው የሚሠራው።»

«ይሥራ፤ አህያዬን ግን አያይም።»

መርማሪዋ ሳቋን ዋጠች። «እንዲህ ያለ መጫወቻ በመዝገብ አላጋጠመኝም። በአዲስ ያመልክቱ። የፈጣሪው ስም እዚህ ላይ ይገባል፤ ሐሰት ከተጻፈ ግን መብቱ ሊሰረዝ ይችላል።»

ብዕሩን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «ነገ እመለሳለሁ» አለ።

ማታ ሦስቱ ጠረጴዛ ከበቡ። ወላጅ አጥቶ የነበረው ስሕተት አሁን ሦስት ወላጅ መጣለት።

«እጄ ነው የሠራት» አለ አናጢው።

«አንተ የታዘዝከውን ነው የሠራኸው! አህያ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ» አለ አቶ ጥገና።

«ያንተዋ አህያ ላም ሆና ተገኘች እኮ» አለች ሚስቱ። «ስሕተቱ የኔ ነው። በገዛ ማሽኔ የጻፍኩት።»

«ያን ጊዜ የኔ አይደለም ስትዪ አልነበር?»

«ያን ጊዜ ስድብ ነበራ!»

አናጢው የሙጫውን ነገር አነሣ። ከዚያ በኋላ የተባለው አይጻፍም።

በማግስቱ አቶ ጥገና ለመርማሪዋ ሁሉን ነገራት።

«አናጢው የተጻፈለትን ስለሠራ ፈጣሪ አይባልም» አለች። «መሳሳት ብቻውንም ፈጠራ አይደለም። አህያዋ ስትቀመጥ ‹የሚፈለገው ይሄ ነው› ያለው ማን ነው?»

አቶ ጥገና ዙሪያውን አየ። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። «እኔ» ቢል የሚያስተባብለው የለም፤ ማኅተሙም ለሱ ብቻ ይሆናል። የወርክሾፑ ኃላፊ የዚያን ዕለት «እኔ» ለማለት ስንት ሰከንድ ፈጅቶበት ይሆን? ምናልባት አንድም።

«ባለቤቴ ናት» አለ። ቃሉ የወጣው እንደ ዛገ ምስማር እየጮኸ ነው። «እኔማ የተበላሸ ዕቃ ነው አልኩ።»

«ኳሷንና አንገቷን ያሰቡት ግን እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ፈጣሪዎቹ ሁለት ናችሁ። ይጻፉ።»

የሚስቱን ስም በትልልቅ ፊደል ጻፈ፤ መስመሩን ሞላው። የራሱን ከሥር፣ በተረፈችው ጥግ ወሸቀው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ቅጂውን ተቀብላ መጀመሪያ ስሟን አየች። ጣቷን ስሟ ላይ አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አቀረበችው።

«ይቺ ዝንብ ያረፈባት የመሰለችው ምንድን ናት?»

«ስሜ ነው።»

«ይሄ ስም ነው? ሰው የቀለም ነጠብጣብ መስሎት ነው የሚያልፈው። ዕድሜ ልክህን ስሜ፣ ስሜ ስትል ኖረህ እንዲህ ትጽፈዋለህ? ነገ ሄደህ አስቀይረው።»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ቀና ስትል አቶ ጥገና ቆሟል።

«ዛሬስ ምን ፈጠሩ አባባ?»

«ምንም። ስሜ ለባለቤቴ አልተነበበላትም። በጉልህ ይጻፍ ተብያለሁ።»

አዲስ ቅጽ ሰጠችው። ተቀመጠ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ መስመሩን በጣቱ ለክቶ ለሁለት እኩል ከፈለው።