መቶ አስሩን ከሁለት ሃያው የለየልኝ ሰዒድ

ዛሬ ጠዋት ሪያድ ጀራዲያ ሰፈር ያሉ ልጆች ደውለው «ሰዒድ ሞተ» ሲሉኝ ስቄ ስልኩን ዘጋሁባቸው። ሰው ላይ ቀልድ የምሠራው ሁልጊዜ እኔ ስለሆንኩ፣ ዛሬ ተበቀሉኝ ብዬ ነው። መልሰው ሲደውሉ አንዱ እያለቀሰ ነበር። ልቡ ነው አሉ። እንደተኛ አልተነሳም።

ስንት ዘመን ሪያድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲነካካ ኖሮ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይነዝረው! አሁንም አላመንኩም።

ለማታውቁት፣ ሰዒድ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። እኔን ኤሌክትሪሺያን ያደረገኝ እሱ ነው።

አገር ቤት ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ቪዛዬ ሲመጣ ግን ሙያ የሚለው ቦታ ላይ «ከህረባኢ» ይላል፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ደላላው «ስትደርስ ትለምደዋለህ» አለኝ። የስፌት መኪናዬን ሸጬ መጣሁ።

ከፊሌ፣ አሠሪዬ ማለት ነው፣ በደረስኩ ማግስት ሙረባዕ ሰፈር እናቱ ቤት ወስዶ «ይቺን ሶኬት ቀይር» አለኝ። የድሮ የሪያድ ቤት ሁለት ዓይነት መስመር አለው፤ መቶ አስርና ሁለት መቶ ሃያ። እኔ ይህን በየት ልወቀው! ያገኘሁትን ሽቦ እንደ ክር ቋጥሬ፣ ክዳኑን አሳምሬ ገጠምኩ። እናትየው የሚወዷትን አሮጌ ሬዲዮ ሰኩ። ሬዲዮዋ አንድ ቃል ሳትናገር ጨሰች፤ ለካስ የመቶ አስሯን ሁለት ሃያ አጠጥቻታለሁ።

ከፊሌ «ኸላስ! ኹሩጅ!» ብሎ ጮኸ። በቃ፣ ወደ አገርህ ውጣ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ የምመለስበት የስፌት መኪና እንኳ የለኝም።

ሰዒድ የሱው ሠራተኛ ነበርና እዚያው ሳሎን መብራት እየሰቀለ ነው። ወረደ፤ ሬዲዮዋን አሸተተ።

«ያ ኡሚ፣ እናቴ፣» አላቸው በዐረብኛ፣ «እርስዎ መቶ አስር ነዎት፣ ልጅዎ ሁለት ሃያ ነው። እንዲህ ከጮኸ ከሬዲዮው ቀጥሎ የሚቃጠሉት እርስዎ ነዎት።»

እናትየው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ልጃቸውን ዝም አሰኙና ሰዒድን «አንተ አስተምረው» አሉት። ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ወራት ሙሉ ሽቦ አላስነካኝም። ፒንሳ አቀብል፣ መለኪያውን ቴስተር አቀብል ብቻ። «ኧረ አንድ ጊዜ ልንካ!» ስለው፦

«ወንድምዓለም፣ መርፌ ቢወጋህ ጣትህን ትጠባለህ። ይሄ ቢወጋህ እናትህ ጋ የምደውለው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ለካ!»

ተናድጄ ቴስተሩን ባዶ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ደበቅኩበት። እስከ ምሳ ሲፈልግ ዋለ። ሲያገኘው ሄዶ የኔ ሻይ ውስጥ ነከረውና «መቶ አስር ነው፣ ጠጣው» አለኝ።

ሰውንም በዚሁ ነበር የሚለካው። ተጣልተን ስንመጣ «እሱን ሁለት ሃያ አትስጠው፣ አይችለውም» ይለናል። ስንቱን ያስታረቀው በዚች ቃል ነው።

ሰዒዶ፣ ፉጣ ሰፈር የጀመርከውን የሠራተኞች ማደሪያ ዛሬ ከሰዓት ሄጄ ጨረስኩልህ። ልጆቹ በዚህ ሙቀት ያለ ኤሲ ነበሩ። ለክቼ ነው የሠራሁት፤ አንድም አልጨሰም።

«ሙዓሊሙስ?» አሉኝ፤ ዋናው ባለሙያስ የት አለ ማለታቸው ነው። መሞትህን አልሰሙም። «እሱ ነው የላከኝ» አልኩ።

ኤሲው ሲነሳ ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው መረቁህ። «ረጅም ዕድሜ ይስጠው» አሉ።

አሜን አልኩልህ። ደህና ሁን ወንድሜ፣ አላህ በጀነቱ ይቀበልህ።