ጾም የገደፈው ሰማይ

ዛሬ ጠዋት የወተት ብርጭቆዬን ሳለቀልቅ፣ በመስኮቱ የገባው የፀሐይ ብርሃን በውስጡ የቀረውን ድፍርስ ውሃ ከጎኑ ሰማያዊ፣ ከማዶው ብርቱካንማ አድርጎ አሳየኝ፤ እኔም እጄን ከቧንቧው ሥር ሳላነሣ፣ ፕላዝማ የተባለው ቴሌቪዥን ወደየትምህርት ቤቱ በገባበት ዘመን የፊዚክስ መምህር ወደ ነበርሁባት ወደ ቦንጋ ተመለስሁ።

በቦንጋ ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይለቅ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ቀስተ ደመና ከሸለቆው ይነሣል፤ ቀለማቱ በዝናቡ ጠብታ ውስጥ እያንዳንዳቸው በየልካቸው ታጥፈው እንደሚለያዩ ለተማሪዎቼ ለማስረዳት አልተቸገርሁም። ያስቸገረኝ ከከተማው ማዶ የሚታየው ደን ነበር፤ ሲገቡበት አረንጓዴ የሆነው ጫካ ከሩቅ ስለ ምን ሰማያዊ ይሆናል? የፕላዝማው መምህር ይህን በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ያልፋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም የለም።

ስለዚህ ከባልደረባዬ ከአሥራት ጋር አንድ አሮጌ ዕቃ ቤት ጠርገን፣ መስኮቱን በካርቶን ደፍነን፣ በካርቶኑ ላይ ሳንቲም የምታክል ቀዳዳ በሳን። አሥራት የቦንጋ ተወላጅ፣ ኬሚስትሪ የሚያስተምር፣ ካፊኖኖውንም አማርኛውንም በቀልድ የሚያጣፍጥ ሰው ነበር፤ ለሙከራው የሚያስፈልገውን ወተትም ከራሱ ላም አሳልቦ በጠርሙስ የሚያመጣው እሱ ነው። በመስታወት ገንዳ ከሞላነው ውሃ ላይ ጥቂት ወተት ጠብ አድርጌ ሳማስለው፣ በቀዳዳው የገባው ብርሃን ገንዳውን ሰንጥቆ ሲያልፍ ጎኑ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰማያዊው በወተቱ ደቃቅ ቅንጣቶች እየተበተነ በየመንገዱ ስለሚቀርም፣ ማዶ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው የጀንበር መጥለቂያ ቅላት ነው። በእኛና በጫካው መካከል ያለው አየርም፣ ከላያችን ያለው ሰማይም እንዲሁ ያደርጋል አልኋቸው።

ጊዜው ሁዳዴ ነበርና አንዲት ተማሪ ከጨለማው ውስጥ፣ «ቲቸር፣ ሰማዩን በጾም አስገደፉት እኮ!» ብላ ክፍሉን በሳቅ አናጋችው። ከሁሉ አብልጦ የሣቀው አሥራት ነበር።

በዓመቱ ማብቂያ፣ እንደ ዘመኑ ደንብ፣ ባልንጀራ ባልንጀራውን በስብሰባ ፊት የሚያብጠለጥልበት ግምገማ ተጠራ። የሳይንስ ክፍል ኃላፊነት ቦታ ክፍት ነበር፤ ከሁለታችን ለአንዳችን እንደሚሰጥም ሁሉም ያውቃል። አሥራት እጁን አወጣ።

«የምናገረው ወንድሜ ስለሆነ ነው» አለ። «ፕላዝማውን ትቶ ተማሪ ጨለማ ውስጥ ያጉራል። ይባስ ብሎ በሁዳዴ ወተት ክፍል ያስገባል፤ የሕዝቡን እምነት ይንቃል።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። «ወተት አስገብተዋል፣ አላስገቡም?»

«አስገብቻለሁ» አልሁ፤ ከማን ላም እንደ ታለበ ግን አሥራት ራሱ እንዲናገር ጠበቅሁት። እሱ ጥፍሩን ይመለከት ነበር።

«እንግዲያው ግለ ሂስ ያድርጉ።»

«ባላጠፋሁት አላደርግም።»

ኃላፊነቱ ለአሥራት ሆነ፤ እኔ ራቅ ወዳለችው የገጠር ከተማ ወደ ደካ ተዛወርሁ፤ ዕቃ ቤቱም የተሰባበረ ዴስክ ታጨቀበት። በምሄድበት ቀን አሥራት መናኸሪያ ድረስ መጣ፤ ፍራሼን ተሸክሞ መኪናው ላይ ከጫነልኝ በኋላ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «አይዞህ፣ ደካም ሰማይ አለ» አለኝ። ቀልዱ እንደ ወትሮው ለዛ ነበረውና፣ ሳላስበው ሣቅሁ። እስከ ዛሬ ይቅር ልል ያልቻልሁት ከግምገማው ይልቅ ይህችን ሣቄን ነው።

በደካ፣ ኋላም በዋጫ፣ ያንኑ ትምህርት እስከ ጡረታዬ አስተማርሁ። ውሃው ሰማያዊ በሆነ ቁጥር ግን ዘወር ብዬ «አየኸው?» የምለው ሰው አጠገቤ አልነበረም። ዋጫ ሳለሁ አንድ ለጋ መምህር የሙከራ ክፍሌን በር አንኳኩቶ፣ «ጋሼ፣ ላግዝዎት?» ቢለኝ፣ ቀና ልጅ መሆኑን እያወቅሁ፣ «ብቻዬን ይቀለኛል» ብዬ ከውስጥ ቀረቀርሁት።