የአባት ፊት በአራተኛው ፎቅ

ማሺዮ አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ኦሳካ ከተማ፣ ከብርድ ልብስ መሸጫ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ፣ ለልጆች የቴሌቪዥን ጨዋታ ሥዕል ይሠራል። ድሮ ለሲኒማ ቤቶች ቤት የሚያክል ፊት ይስል ነበር። ሲኒማ ቤቶቹ ተዘጉና አሁን ጥፍር የምታክል ፊት ነጠብጣብ በነጠብጣብ ይገጣጥማል።

አንድ ማክሰኞ አለቃው ሂራኖ መጣ።

"የጨዋታው አራተኛ ፎቅ ላይ መንገድ የሚዘጋ ጭራቅ ጎድሎናል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ይሁን። ተጫዋቹ የሚነዳው ባለፋኖስ ልጅ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ሥዕሉ ይንቃ፣ ሚስማር ይትፋ፣ ልጁ ግንባሩን ሦስቴ ሲመታው ይሙት። ለዓርብ!"

ማሺዮ አንድ ጭራቅ ሥሎ አሳየ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

"ጋሼ፣ ይሄ ጭራቅ ነው ወይስ ግብር ሰብሳቢ?" አለው ኦጋታ። ኦጋታ ጨዋታውን ሲጫወት ውሎ ስህተት የሚለቅም ወፍራም ሰውዬ ነው።

በዚያው ሳምንት የማሺዮ አባት፣ አዛውንቱ ኪንጂሮ፣ ሆስፒታል ተኝተው ሞታቸውን ይጠብቁ ነበር። አርባ ዓመት ፎቶ ቤት ነበራቸው። በሰፈሩ የሞተ ሰው ሁሉ በለቅሶው ቀን ከነጭ አበባው መሃል ሆኖ ሰውን የሚያየው እሳቸው ባነሱት ፎቶ ነው። እሳቸውን ግን ማንም አንስቷቸው አያውቅም።

"ፎቶ እንዴት እንደሚዋሽ አውቃለሁ" አሉት ልጃቸውን። "የለቅሶዬን ሥዕል አንተ ሳል። ያለ ፊት እንዳትሸኘኝ።"

ረቡዕ ማሺዮ ለጭራቁ የገዛውን ባለካሬ ወረቀት ይዞ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። አባትየው ከፒጃማቸው በላይ ኮት ደርበው ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ቀጥ አሉ።

"ወረቀቱ ለምን ካሬ ካሬ ሆነ?"

"ለልኬት ነው፣ አባዬ። አይንቀሳቀሱ።"

ይሄ ፊት ለጊዜው ለጭራቁ ይሁን፣ የለቅሶውን ሥዕል እሁድ በቀለም እሠራዋለሁ ብሎ አሰበ። ዓርብ ቢሮ ሲያሳይ የሳቀ የለም። ሂራኖ ብቻ "ይሄ ሰውዬ የምሩን ነው የሚያየኝ" አለ። ማሺዮ ፊቱን ነጠብጣብ በነጠብጣብ ማሽኑ ውስጥ አስገባና ወረቀቱን ጣለው።

ቅዳሜ ጠዋት አባቱ አረፉ።

"ሥዕሉስ?" አለች እህቱ ፉሚኤ።

ማሺዮ ወደ ቢሮ ሮጠ። ጭራቁን፣ ገና ሳይነቃ ያለውን፣ አሳትሞ በጥቁር ክፈፍ አስገባው።

"አባዬን ምን አድርገሃቸው ነው እንደ ሸክላ ንጣፍ ካሬ ካሬ የሆኑት?" አለች ፉሚኤ።

"አዲስ አሳሳል ነው።"

ለለቅሶው የቢሮው ሰዎች ጥቁር ለብሰው መጡ። ዕጣን የማጨሱ ተራ ሲደርሰው ኦጋታ ወደ ፊት ሄደ፣ ሄደ፣ ሥዕሉ ጋ ለመድረስ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሀዘን ያደነዘዘው መስሏቸው አሮጊቶቹ አለቀሱለት። በመጨረሻ ላቡን ጠርጎ ተጠጋ። ወጉ ሦስቴ ነውና ዕጣኑን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ የገዛ ግንባሩ ላይ አስነካ፤ አንድ፣ ሁለት። ሦስተኛው ላይ ዕጣኑን መልሶ አስቀመጠው።

ማሺዮ ሂራኖን በር ላይ ያዘው። "የጭራቁን ፊት ልቀይረው።"

"ጨዋታው ነገ ፋብሪካ ይገባል። ደግሞ አንተ ከሠራኸው ሁሉ የሚያስፈራው እሱ ብቻ ነው።" ሂራኖ ይህን ሲል ሥዕሉን አሻግሮ አየ። ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ጨዋታው ክረምት ላይ ለገበያ ወጣ። ማሺዮ ከእህቱ ጋር በሚኖርበት ቤት፣ ጥቁሩ ክፈፍ በተሰቀለበት ክፍል ተቀምጦ ባለፋኖሱን ልጅ አራተኛ ፎቅ አደረሰው። ሦስት እርምጃ። አባቱ ዓይናቸውን ገለጡ። ማሺዮ መጫወቻውን መሬት አስቀመጠ። ሚስማሩ ዘነበ፣ ልጁ ሞተ። እንደገና ወጣ፣ እንደገና ሞተ።

"ኧረ ምታው፣ አንተ ፈሪ!" አለች ፉሚኤ ከበር።

"ማንን?"

ፉሚኤ ጠጋ ብላ ቴሌቪዥኑን አየች። ቀስ ብላም ዞራ ጥቁሩን ክፈፍ አየች።

ማሺዮ የገዛ ጨዋታውን አምስተኛ ፎቅ ሳያይ ቀረ። ፉሚኤም ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ወጉ ለአባቷ ሥዕል ሩዝ ስታቀርብ፣ ሦስት እርምጃ ሲቀራት መሬት ታስቀምጥና በመጥረጊያ እንጨት ትገፋዋለች።