ስርጉድ የሚያቃናው ሰውዬ

ወረታ ውስጥ ከአንድ ብየዳ ቤት ደጃፍ አየዋለሁ፤ ስሙን ለመጠየቅ ግን እስከ ዛሬ አልደፈርኩም። ኮቱ በብየዳ ፍንጣሪ ተበሳስቷል። የተሰረጎደ የመስኖ ቱቦ የሚያቃናበትን መሣሪያ ራሱ ነው የሠራው፤ ከአሮጌ አይሱዙ አክስል ቆርጦ እንደ እንቁላል ያሞለሞለውን ብረት ረጅም ዘንግ ላይ በየደው። ቱቦ ሲመጣለት ስርጉዱን በአውራ ጣቱ ይዳብስና ባለቤቱን ሻይ ጠጣ ብሎ ይሸኘዋል።

ትናንት አንለይ የሚባል የሽንኩርት ገበሬ ከርብ ወንዝ ዳር ሁለት ቱቦ በጋሪ አመጣ። እዚያ ሰዉ በመስኖ ውሃ ተኳርፏል።

«ምን አግኝቶት ነው ይላሉ?» አለ አንለይ።

«ከብት ረግጦት ነው። ሂድ፣ ሻይህን ጠጣ» አለ ሰውየው፤ ብረቱንም ቶሎ ወደ ቱቦው ከተተ።

አንለይ አልሄደም። ጎንበስ ብሎ የመጥረቢያ ጀርባ የሚያህለውን ስርጉድ በጣቶቹ ለካው።

«እርስዎ አገር የከብት ኮቴ አራት ማዕዘን ነው?»

ሰውየው መዶሻውን አነሳ። «ተው ልጄ፣ ስርጉዱን ላጥፋው» አለ። «እኔ አገሬን ጥዬ የወጣሁት፣ ከእንዲህ ያለ ስርጉድ የጎረቤቴን መጥረቢያ ለይቼ፣ ደም ተቃብተን ነው።»

«ሽንኩርቱ ይድረቅ፤ መጥረቢያው የማን እንደሆነ ሳልለይ አይቃናም» አለ አንለይ። ብረቱን ከቱቦው ስቦ አወጣና ቱቦዎቹን እንደተሰረጎዱ ጋሪው ላይ ጫናቸው።