እናቴና የመጨረሻው ቀንበጥ

እናቴን መሥሪያ ቤት "እመት በረኪና" ነው የሚሏት። አትቀየምም። ላቦራቶሪ ከመግባቷ በፊት ብዙ ዘመን የሐኪም ቤት ወለል አጥባለች፤ ቆሻሻ ካየች እጇ አያርፍም። እኔንና እህቴን ያሳደገችን በዚያ በተላላጠ እጇ ነው፣ እግዜር ይስጣት።

አሁን ሥራዋ ቅጠል ማጠብ ነው። የመድኃኒት ዛፍ ቅጠል ውስጥ፣ ዛፉን ሳይጎዳ የሚኖር ፈንገስ አለ። ላቦራቶሪውን የምትመራው ወጣት ዶክተርና ባልደረቦቿ እሱን አውጥተው ባክቴሪያ ይገድል እንደሆነ ያያሉ፤ የድሮው መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ስለበዛ አዲስ ነገር ፍለጋ ነው። እናቴ መጀመሪያ ቅጠሉን አልኮልና በረኪና ውስጥ ትነክረዋለች፣ የውጪው ጀርም እንዲሞት። ከዚያ ተቆራርጦ ለፈንገስ የሚሆን ምግብ ያለበት ሳህን ላይ ይቀመጣል፤ የውስጡ ፈንገስ ቀስ ብሎ ይወጣል።

አንዴ ከአንድ አሮጌ ዛፍ ቅጠል መጣ። ዛፉ ወዲያው ለመንገድ ተብሎ ተቆረጠ። ሳህኖቹ ላይ ግን ምንም አልበቅል አለ። ዶክተሯ ምግቡን ቀየረች፣ ሙቀቱን ቀየረች፣ ወይ ፍንክች። ፍሪጅ ውስጥ የቀረው አንድ ቀንበጥ ብቻ ነበር፣ እሱም መጠውለግ ጀምሯል። እሱ ካለቀ ያ ዛፍ አለቀለት።

እናቴ ቤት መጥታ እህል አልቀምስም አለች። ለካ ቅጠሎቹ አቧራ ስለነበረባቸው፣ ንጹሕ ይሁኑ ብላ ከታዘዘችው በላይ በረኪናው ውስጥ አቆይታቸዋለች። በረኪናው ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚፈለገውን ራሱን እንደጨረሰው አሁን ነው የገባት። እህቴ ዝም በይ፣ ማን ያውቃል አለቻት።

"እና ያቺ ዶክተር ልጅ ባዶ ሳህን ላይ አፍጥጣ ትክረም?" አለች እናቴ።

በማግስቱ ሄዳ ነገረቻት። መባረሯ ቁርጥ ነው ብላ ጋዋኗን አጣጥፋ ይዛ ነው የገባችው። ዶክተሯ ግን፣ "እትዬ፣ ባይነግሩኝ ኖሮ የቀረውንም ቀንበጥ እንደዚያው እንገድለው ነበር" አለቻት። ቀንበጡንም አውጥታ ለሷው ሰጠቻት።

"ለኔ?"

"ለማን ልስጠው ታዲያ? ውስጡ ተከራይ አለ፤ ሲያጥቡ ለሱም ይዘኑለት።"

እናቴ አቧራውን አስቀድማ በውሃ አስለቀቀችው። ከዚያ ዓይኗን ከሰዓቱ ሳትነቅል ነከረች፣ የታዘዘው ደቂቃ ልክ ሲሞላም አወጣች።

ሰንበትበት ብሎ ከአንዱ ቁራጭ ጠርዝ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ብቅ አለ። የቅጠሉ ውጪ መጽዳቱን ለማጣራት የመጨረሻው የእጥበት ውሃ የፈሰሰበት ሌላ ሳህን ላይ ምንም የለም፤ ስለዚህ የመጣው ከቅጠሉ ውስጥ ነው። በኋላ ባክቴሪያ መሀል ሲያስቀምጡት ዙሪያውን ካለው ባክቴሪያ አጸዳው። መድኃኒት ይውጣው አይውጣው ገና ነው፣ ዶክተሯም አፏን ሞልታ አትናገርም።

እናቴ ግን ተመስገን አለች። ዶክተሯን ምን ብላ እንደምታመሰግናት ሲጠፋት፣ ዶክተሯ የበቀለውን ፎቶ አንስታ እስክትጨርስ ሳህኑን በሁለት እጇ ያዘችላት።