ከሥሩ መስቀል ያለበት ወንበር

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ሰብለ አዲስ ቤት ገብታ ኖሮ፣ ወንበር አብረን እንምረጥ ብላ ፒያሳ ወዳለ አንድ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ይዛኝ ሄደች። ዘመኑ ተገለበጠ መሰለኝ፤ እኛ በፕላስቲክ እየለወጥን የጣልነውን ወንበር ዛሬ ልጆቻችን «የጥንት ነው» እያሉ በደስታ ይሸከሙታል። ገና ከደጃፉ ስንደርስ የአሮጌ እንጨትና የቬርኒሽ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ሰብለ በያንዳንዱ ላይ ቁጭ ብድግ እያለች ስትሞክር፣ እኔ ሳላስበው አንዱን ገልብጬ ከሥሩ ስዳብስ ባለሱቁ ደረሰና ምን ጠፋብዎ እማማ አለኝ። ትኋን እንዳይኖረው ነው አልሁት። ይህን መልስ የወረስሁት ከእናቴ ነው።

ቤታችን ጎንደር፣ ከቀሐ ወንዝ ማዶ ነበር። አባቴ የደብር መሪጌታ ስለ ነበር ቤታችን የዜማ ተማሪ ተለይቶት አያውቅም፤ የምንቀመጠውም በመደብ፣ በቁርበትና በበርጩማ ነበር እንጂ ባለመደገፊያ ወንበር የሹም ነገር ነው፣ እኛን ምን አገናኘን። ጣሊያን ከጎንደር ተባርሮ ሲወጣ ግን አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ወንበሩን ጥሎ ሄደና ያ ሁሉ ዕቃ ከየቤቱ እየወጣ በየመንገዱ ዳር ይሸጥ ጀመር። በጠላት ወንበር ተንፈላስሶ ጠላትን ማማት የዚያ ሰሞን ትልቁ ደስታ ነበር። ጎረቤታችን እመት ጥሩነሽም አንድ ገዝታ፣ ቄስ አስጠርታ ጠበል ካስረጨችው በኋላ እንኳ፣ ለብዙ ቀን ጫፉ ላይ ብቻ ነበር የምትቀመጠው።

እናቴ ግን አመራረጧ እንደ ሰው አልነበረም። ሌላው የመደገፊያውን ቅርጽና የቀለሙን ማብረቅረቅ ሲያይ፣ እሷ ወንበሩን ሁሉ እየገለበጠች ከሥሩ ትመለከታለች፤ ሻጮቹ ይቆጣሉ፣ ጎረቤት ይስቃል፣ እሷ ትኋን ነው የምፈልገው ትላለች። የምትፈልገውን የምናውቀው እኔና አባቴ ብቻ ነበርን። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ፣ እኔ አያ የምለው፣ በጣሊያን ጊዜ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ ወንበር ይሠራ ነበር። ልጁ በገዛ እጁ የጠላት መቀመጫ መሥራቱ አባቴን ሲያብከነክነው ጊዜ፣ አያ ሊያጽናናው ብሎ፣ እኔ እኮ ከሥሩ መስቀል እቀርጽበታለሁ፣ ከእጄ የሚወጣ ሁሉ ተባርኮ ነው የሚወጣ አለው። ደስ ያሰኘው መስሎት! አባቴ ከመደቡ ብድግ አለ። በመስቀል ላይ ሰው፣ ያውም ጠላት፣ ቂጡን እንዲያሳርፍ አደረግህ ወይ ብሎ የተቆጣው ቁጣ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። አያ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ በዚያው ሰሞን ሥራውንም ከተማውንም ትቶ አርማጭሆ ወርዶ ከአርበኞች ጋር ተቀላቀለ። ጣሊያን ሲወጣ የሰው ልጅ እየዘፈነ ገባ፤ የኛ አልገባም።

አባቴ ልጁ ፍትሐት ሳይደረግለት መቅረቱ እንቅልፍ ይነሣው ስለ ነበር፣ እንግዲህ እርማችንን እናውጣና ተዝካሩን እናብላ ይላታል። እናቴ፣ ሞቱን ማን ነገረዎ ትለዋለች፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

ወንበሩን ያገኘችው አንድ ቅዳሜ ገበያ ነው። አንድ እግሩ የላላ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ወንበር ነበር። ገለበጠችው፣ ጣቷን ከሥሩ አሳለፈች፣ ከዚያ ነጠላዋን ከላይዋ አውርዳ እንደ ሕፃን አዘለችው። መንገደኛው ሁሉ በሳቅ ሞተ፤ እኔ ከኋላዋ እየሄድሁ ማልቀስ አማረኝ። አባቴ የመስቀሉን ቅርጽ ሲያይ ጎንበስ ብሎ ተሳለመውና በዚህ ላይ ማንም ዝር እንዳይል ብሎ አዘዘ። እናቴን መቼ ቸገራት! እሷም ልጇ መጥቶ እስኪያርፍበት ማንንም ልታስቀምጥበት አልፈለገችም። እሱ ለመስቀሉ፣ እሷ ለልጇ፣ ወንበሩ በጥጉ ባዶውን ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበሩ ገብታ እንጨቱን ስታሞቀው፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው ሲጢጥ ይላል። ይኼኔ ተማሪዎቹ ዜማቸውን ይገቱታል፤ እናቴ ጥጥ ከምትፈትልበት ቀና ትልና ወደ ጥጉ ታያለች፤ የምታየው ነገር ያለ ይመስል ፊቷ ፈካ ይልና ደግሞ ይከስማል። እኔ በፊቱ ሳልፍ አጎነብሳለሁ፣ ስበላም ጀርባዬን አልሰጠውም። እፈራው ነበር፤ የገዛ ወንድሜን መፍራቴ ደግሞ ሆዴን ይበላኝ ነበር። እመት ጥሩነሽ፣ እነሱ ቤት የማይታይ ሰው አለ ብላ መምጣቱን ተወችው።

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ ከአርማጭሆ፣ ትክል ድንጋይ ከምትባለው አገር፣ አንድ ፀጉሩ የሸበተ ገበሬ የመሪጌታን ቤት እያጠያየቀ መጣ። በትሩን እንደ ያዘ ከምሰሶው ሥር ቆመ። እናቴ ጠላ ብትቀዳለት አልጠማኝም አለ፤ መደቡ ላይ አረፍ በል ብትለው መቆሙ ይሻለኛል አለ። ባገራችን መርዶ የሚረዳው ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ጎረቤት ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ሰውየው ግን ለከተማው ባዳ ነበርና ማንን እንደሚያማክር አላወቀም። አባቴን በዓይኑ ወደ ውጭ ጠራው። አባቴ ገብቶት ሊነሣ ሲል እናቴ ቀደመችው። ወደ ጥጉ ሄዳ ወንበሩን አንሥታ ሰውየው ፊት አኖረችው።

«ተቀመጥ አያ፤ ቆመህ አትንገረኝ» አለችው።

አባቴን አየሁት። መስቀሉ፣ ብሎ ጀመረና ተወው። በጋቢው ጫፍ አቧራውን ጠረገ፤ ከዚያ የሰውየውን ክንድ ይዞ ራሱ አስቀመጠው። ሰውየው መሬት መሬት እያየ፣ ሸጋ ልጅ ነበር አለ። ቆስሎ እሱው እጅ ላይ ማረፉን፣ ከቤተ ክርስቲያን አጸድ መቀበሩን፣ ሲያጣጥርም አባቴ ይፍቱኝ በልልኝ ብሎ መላኩን ነገረን። አባቴ በወንበሩ ላይ ወዳለው እንግዳ ሰው ጠጋ ብሎ እጁን በራሱ ላይ ጫነ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ» አለው።

እናቴ ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። በማግሥቱ ሬሳ ስላልነበረ ልብሱን ወንበሩ ላይ አድርገው አለቀሱለት፤ ተዝካሩ ከወጣ በኋላም አባቴ ወንበሩን ለደብሩ ሰጠው፤ ከዚያ የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም ያ ሲጢጥታ፣ ያ ያስፈራኝ የነበረው፣ ናፈቀኝ።

ዛሬ እናቴም አባቴም የሉም፤ አያን በዓይኑ ያየ ከኔ በቀር በሕይወት የቀረ ሰው አላውቅም። ሰብለ ወንበሮቿን መርጣ ተሸካሚ ስትጠራ ሱቁ መካከል ቆሜ እሱን አሰብሁ። ያኔ በትከሻው አድርጎ ቀሐን ሲያሻግረኝ ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ ለካ ጢሙ እንኳ ያልሞላ ልጅ ኖሯል፤ ከልጅ ልጄ ያንሳል። በዚያ በር ቢገባ እኔ አውቀዋለሁ፣ እሱ ግን ታናሽ እህቱን ከዚህ ሁሉ ሽብሽብ መሐል ከየት ያገኛታል? በሥርዓት ያደገ ልጅ ነውና፣ አሮጊት ቆማ ሲያይ አንዱን ወንበር ይስብና «ይቀመጡ፣ እማማ» ይለኛል።