የነገሥታቱ ፊልም

የውዳድ ምግብ ቤት ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ወደብ ላይ የመጫኛ ተራ የሚጠብቁ የኢትዮጵያ ሾፌሮች ምሳ እየበሉ ፊልም ያዩበታል። ከእነሱ መካከል ስሙን ነግሯት የማያውቅ አንድ ጠና ያለ ሰው አለ። ሙቀቱ ሰው በሚያቀልጥበት ቀን እንኳ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይመጣና ጥጉን ይይዛል። ሩዙን በማንኪያ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ብቻ ይበላል፤ ሌላውን ለማን እንደሚያስተርፍ ሆዱ ይወቀው።

«እስቲ ያንን የነገሥታቱን አድርጊልን» ይላታል ሁልጊዜ። ሺህ ፈረስ የሚጋልብበት፣ ካባው ሁሉ ወርቅ በወርቅ የሆነ ፊልም ነው።

ዛሬ ግን ሾፌሮቹ ሌላ መረጡ። ጥቂት ወጣቶች ከኪሳቸው አዋጥተው በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ የቀረጹት ነው። ጭነት አድርሼ እመጣለሁ ብሎ ጅቡቲ የቀረ ባሏን ሦስት ዓመት ስለምትጠብቅ ሴት ይተርካል። ሴትዮዋ በየቀኑ የባሏን ድርሻ ከድና ታስቀምጣለች።

«ይሄም ፊልም ተባለና!» አለ ሰውዬው። «አንዲት ሴት፣ አንድ ሰሃን። ደግሞ ውሸት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማን ይጠብቃል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ነው እኮ የሚለው» አለችው ውዳድ።

ሾፌሮቹ ሳቁ። እሱ ያስተረፈውን ሩዝ ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና ሰሃኑን በዝግታ ገፋ አደረገው።

«የነገሥታቱን መልሺልኝ፣ ልጄ» አላት። «እዚያ ስንት ሺህ ሰው ያልቃል፤ አንዱንም አላውቀው።»